የጻፈውና ያጻፈው

«ጋሼ፣ ብሪንሰንግ ላይ ውረድና ቁልቁል ና። ጣቢያ ድረስ መጥቼ ልቀበልህ አልችልም፤ ዛሬ ደቦ ላይ ነኝ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ በስልክ። ኦስሎ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ደቦ የሚለውን ቃል ጎጃም ውስጥ በአጨዳና በቤት ሥራ ጊዜ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። አስፋልትና መስታወት በበዛበት በዚህ ከተማ ሰው ተጠራርቶ የሚያጭደው ምን ይሆን እያልኩ፣ ከማእከላዊው ባቡር ጣቢያ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው የምድር ባቡር ተሳፈርኩ። ግሮንላንድ፣ ቶየን፣ ኤንሾ፣ ሄልስፊር፣ ከዚያ ብሪንሰንግ። የመስቀል ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ብርሃን ሲያይ ዛፎቹ ቢጫ ለብሰዋል። አደይ አበባ ለናፈቀ ዓይን ያ ቢጫ ብዙ ነው።

ብሪን ጎብኚ የሚጎርፍባት ሰፈር አይደለችም። ከምድር ባቡሩ ጣቢያ ቁልቁል የወረደ ሰው የሚያገኘው የመኪና መንገድ፣ የቢሮ ሕንፃዎችና የባቡር ሐዲድ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የአልና ወንዝ ነው። ሐዲዱ ግን ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተው የኖርዌይ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ዛሬም በብሪን ጣቢያ በኩል ያልፋል። ወንዙም ከሰሜኑ ደን ተነሥቶ የከተማዋን ምሥራቅ አቋርጦ ወደ ባሕር ይወርዳል። ብሪን ላይ ፏፏቴ ስላለው ውሃው መጀመሪያ ወፍጮ አዞረ። ወፍጮው ፋብሪካ ጠራ፣ ፋብሪካው ደግሞ ሥራ ፈላጊውን ድሃ ጠራ።

ከፋብሪካዎቹ አንዱ ክብሪት ይሠራ ነበር። ሌላው የክብሪት ፋብሪካ ግሮንቮል የሚባለው ነው፤ ባቡሩ ባለፈበት በሄልስፊር አካባቢ እስከ ዛሬ በክብሪት ስም የሚጠራ ጎዳና አለ። ክብሪቱን በየሳጥኑ የሚሞሉት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። የክብሪቱ ራስ የሚሠራበት ነጭ ፎስፈረስ መርዝ ነው፤ ጥርስ አስለቅቆ የመንጋጋ አጥንት ያበሰብሳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1889 ክፍያቸው ሲቀነስ የብሪንና የግሮንቮል ሴቶች ሥራ አቁመው ወጡ። ታላቁ ደራሲ ቢዮርንስትየርነ ቢዮርንሶን በአደባባይ ቆሞ ተናገረላቸው። ኋላ በቲያትር ሐያሲነቷ የታወቀችው ጋዜጠኛ ፈርናንዳ ኒሰን ከጎናቸው ቆመች። አድማው የጠየቁትን ሁሉ ሳያስገኝላቸው አበቃ፤ እነሱ ግን የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ነበር። ዛሬ በኦስሎ ሰሜን በኩል አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ጎዳና በፈርናንዳ ኒሰን ስም ይጠራሉ። ቢዮርንሶንም ከአድማው 14 ዓመት በኋላ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብሏል። የሴቶቹን ስም ግን ቁልቁል ስወርድ በየምልክቱ ላይ እየፈለግኩ አጣሁት።

ሴቶቹ ሥራ ባቆሙበት በዚያው በ1889 ዓመት ሮደሎካ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ፍሬያ የተባለ የቸኮሌት ፋብሪካ ተቋቋመ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922፣ የፋብሪካው ባለቤት ዮሃን ትሮነ ሆልስት ለሠራተኛ ሴቶቹ የምግብ አዳራሽ ሥዕል እንዲሠራለት ኤድቫርድ ሙንክን ጠየቀ። ሙንክም 12 ሥዕሎች ሠራ። ቸኮሌት ስትጠቀልል ያረፈደች ልጅ ምሳዋን የምትበላው የባሕር ዳርቻና የበጋ ብርሃን በተሣለበት ግድግዳ ሥር ሆነ። ሥዕሎቹ ዛሬም የፋብሪካው ናቸው፤ አዳራሹም አለ። ትሮነ ሆልስት ነጋዴ ነውና ከዚህ ያገኘው ስምና ጥቅም ይኖራል። ይህ እኔን አያስከፋኝም። በዘመኑ እንዲህ ያለው ሥዕል የሚሰቀለው በባለጸጋ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ይህ ሰው ወደ ሠራተኛ ማዕድ አወረደው፣ እኔም ስለዚያ አከብረዋለሁ።

ደቦው ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ መጻሕፍት፣ የልጆች ጫማ፣ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ድስት፣ አምፖል፣ ግማሽ አገልግሎት የሰጠ ሶፋ ሁሉ ተደርድሯል። ሻጮቹ ወላጆች ናቸው። ዕቃውን በሳምንቱ ውስጥ ከየቤቱ የሰበሰቡት፣ በጀርባቸው የተሸከሙት፣ በየዓይነቱ የለዩት እነሱ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ሽርጥ ታጥቃ ከቡናው ማፍያ ኋላ ቆማለች። አጠገቧ አንዲት የሰፈሩ ሴት ቫፈል ትጋግራለች። «አየህ ደቦአችንን? ለባንዱ ነው» አለችኝ፣ ግቢው ዳር የደንብ ልብስ ለብሰው ወደሚጠባበቁት ልጆች በአገጯ እያመለከተች። ሴት ልጇ ክላርኔት ይዛ መካከላቸው ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኖርዌይ ብዙ ትምህርት ቤት የራሱ የማርሽ ባንድ አለው። የዚህ ልማድ አባት የሚባለው እዚሁ ኦስሎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተው የሞለርጋታ ትምህርት ቤት የወንድ ልጆች ባንድ ነው። ግንቦት 9 ቀን ብሔራዊ በዓላቸው ሲሆን ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ተሰልፈው በቤተ መንግሥቱ ፊት ሲያልፉ ከፊታቸው የሚነፋው የየትምህርት ቤቱ ባንድ ነው። መለከት፣ ክላርኔት፣ ቱባ፣ ከበሮ ውድ ነው። የሚያስተምረው ባለሙያ ደመወዝ አለው። የደንብ ልብስ በየዓመቱ ልጅ ሲያድግ ያጥራል። ይህን ቀዳዳ ከሚደፍኑት ዋነኞቹ ወላጆች ናቸው፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ እንዲህ አሮጌ ዕቃ በመሸጥ፣ ኬክ በመጋገር፣ በትርፍ ሰዓታቸው በመሸከም። ይህን የጋራ ሥራ በቋንቋቸው ዱግናድ ይሉታል። የአክስቴ ልጅ ሃያ ዓመት ከኖረችበት አገር ቋንቋ ላይ ቃሉን አንሥታ ደቦ ብላ ስትተረጉመው ምንም አልተቸገረችም። ጠላውና ቀረርቶው ቢቀር፣ ማንም ያልተቀጠረበት፣ ዋጋው በገንዘብ ያልተቆረጠ፣ ያልመጣ ሰው የሚታማበት ሥራ ያው ደቦ ነው።

ባንዱ ተነሥቶ ነፋ። ትንንሾቹ ሲሳሳቱ ትልልቆቹ ያነሷቸዋል። የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ የተጀመረው በእንዲህ ያለ የነሐስ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ እኛ ‹አርባ ልጆች› የምንላቸው፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ሲነፉ የሰማ ሰው ጆሮው ላይ የተከፈተው በር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ዜማው ሲያበቃ የወላጆቹ ሰብሳቢ ሴት ማይክሮፎን ያዘች። ከሕዝቡ ኋላ፣ የመሣሪያ ሣጥኖች ወደ መኪና ሲጭን የነበረ አንድ ሽማግሌ ጠራች። ሰውዬው አልመጣም፤ እጁን እያወዛወዘ ሥራ ላይ ነኝ ዓይነት ምልክት ሰጠ። ልጆቹ ሄደው ጎትተው አመጡት። የራሱ ልጆች ከባንዱ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ እሱ ግን የተሰበረ ቁልፍ ሲጠግን፣ የተጎረበጠ መለከት ሲያቃና፣ ሣጥን ሲያወጣና ሲያገባ እስከ ጡረታው ኖሯል። አንድም ዜማ አይነፋም። አበባ ሰጡት፤ በወረቀት የተጻፈ ነገር አነበቡለት፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ሴትዮዋ በንግግሯ ውስጥ ደጋግማ የጠራችው ቃል ነበር። ምን አለች አልኳት የአክስቴን ልጅ።

«ኢልሼል አለችው። ኢል እሳት ነው፣ ሼል ነፍስ። የእሳት ነፍስ ማለት ነው።»

ቃሉ በአገሩ የታወቀ ነው። ለመንደሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ለመዘምራን ቡድኑ፣ ለአማተር ቲያትሩ ሳይከፈለው የሚነድ ሰው ኢልሼል ይባላል። ክብሪት ይሠራባት በነበረችው ብሪን ይህን ቃል መስማቴ ልቤን ነካው። ፎስፈረሱን ይዘው የተቃጠሉት ልጃገረዶችና ዛሬ አበባ የተሰጠው ሽማግሌ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰፈር ተገናኙብኝ።

ኦስሎ ሰውን የማክበር ሌላም ልማድ አላት። በአሮጌ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ክብ ምልክት ይለጠፋል። የሚያስለጥፈው እ.ኤ.አ. በ1811 የተመሠረተው የከተማው ወዳጆች ማኅበር ነው። ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት፣ የሠራው ሥራ በሁለት ሦስት መስመር ይጻፋል። እግረኛ ቆሞ ያነባል። ያ ሁሉ ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ልጅ ከእናቱ ጋር ሲያልፍ «ይሄ ማነው?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ይበቃል።

እዚያው የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ስለ ራሳችን ማሰብ ጀመርኩ።

አማርኛ ሥራን ለሠሪው ብቻ አይተወውም። ጻፈ ካለ አጻፈ አለው፤ ሣለ ካለ አሣለ፤ አነጸ ካለ አሳነጸ፤ ቀረጸ ካለ አስቀረጸ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን መጨረሻ የገለጠ ያውቀዋል። ጸሐፊው እጁን አጥቦ፣ ቀለሙን አድርቆ ምሕረት ሲለምን ለራሱ ብቻ አይለምንም፤ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ለሰማው ጭምር ይለምናል። ከጻፈው ቀጥሎ የሚመጣው ያጻፈው ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል፤ ቆዳውን የሚያቀርብ፣ ለጸሐፊው ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ ቀለብ የሚሰፍር ሰው ከሌለ መጽሐፉ የለም። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ስለነበር ስሙን ከመጽሐፉ ጋር አሰሩት። መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር ያጻፈው ይጠራል።

በሥዕልም እንዲሁ ነው። በጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው እቴጌ ምንትዋብን ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍታ ያገኛታል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑን ያሳነጸችው እሷ ናት። ሠዓሊው ስሙን አልተወልንም፤ ያሣለችው ግን ግድግዳው ላይ አለች።

ይህን ካልኩ ዘንድ ቅሬታዬንም መናገር አለብኝ። በግድግዳው ላይ የተሣለችው ንግሥት ናት። በብራናው ላይ የተጠራው ባለ ርስት፣ ባለ ማዕረግ ነው። ቁራሽ እንጀራ ቆርሳ ያስተማረችውን ሴት ማን ጠራት? አያቴ ትኖር የነበረው ደብረ ኤልያስ አጠገብ ነው። ማለዳ በአጥሩ በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ ድምፅ ሳይሰማ የሚያልፍ ቀን አልነበረም። ተማሪው ደበሎ ለብሷል፣ አኩፋዳ አንግቷል፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዟል። አያቴ ምጣድ ላይ ቁጭ ብላ ከሆነ የመጀመሪያዋን እንጀራ ለእሱ ታወጣለች። ከሌላት ቆሎ፣ ከሌላት ንፍሮ፣ እሱም ከሌላት «እግዜር ይስጥህ፣ ነገ ና ልጄ» ትለዋለች። ነገም ይመጣል። ሌሊት ቅኔ ሲቆጥር፣ ሲዘርፍ፣ መምህሩ ሲያርሙት የሚያድረው በዚያች ቁራሽ ነው።

ቅኔ የሚያህል ረቂቅ ጥበብ ለዘመናት የኖረው በመንግሥት በጀት አይደለም። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ ያሉ የገጠር ሴቶች መገቡት። ደብረ ኤልያስ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን አፈራች፤ ያንን ባለ ቅኔና የቲያትር ደራሲ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ኤልያስ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው የቆሎ ተማሪ ሕይወት ከሰሚ የተሰማ አይደለም። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ልጅነት ቁራሽ የሰጡት እናቶች የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ መግበዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኒያ ሴቶች ማንበብ አይችሉም ነበር። ያጻፉትን አላነበቡትም።

ወደ ከተማው ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበርን የመሠረቱት መኰንን ሀብተ ወልድ ዘፋኝ አልነበሩም፤ ባለ ሥልጣን ነበሩ። ያ ቤት ባይኖር ዛሬ የምንኮራባቸው ስንት ድምፆች መድረክ ባጡ ነበር። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ፤ ሌላው ሰው ቢፈልግም አይችልም። ጥበብን ለማሳደግ የተሠራው ቤት ለሚቀጥለው ትውልድ አጥር ሆነ። ይህ በየአገሩ የሚሆን ነው፤ የትናንቱን ባለውለታ ስናከብር የዛሬውን እንዳይከለክልብን መጠንቀቅ አለብን።

አጥሩን የዘለለው አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1969 አዋጁን እያወቀ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ፣ ሕንድ አገር በሸክላ አሳትሞ፣ አዲስ አበባ ላይ ሸጠው። ሊታሰር ይችል ነበር። አልታሰረም፤ መንገዱ ተከፈተ። እስከ 1975 ድረስ በአምሃ ሬኮርድስ ስም ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ በሸክላ ተቀርጾ የቀረልን በእሱ ጭምር ነው። ዘመኑ ሲከፋ ተሰደደ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ አልበም የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም ሲያሰማ፣ ከመነሻዎቹ አንዱ የአምሃ ሸክላ ነበር። አምሃ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ዘፋኞቹን ሁላችን እናውቃለን። ያስቀረጻቸውን ግን ታክሲ ውስጥ ዘፈኑን እያዳመጠ ካለ መንገደኛ ብትጠይቁ ስንቱ ይነግራችኋል?

በዘመናችን ደግሞ መላኩ በላይ አለ። ካዛንቺስ ይገኝ በነበረው በፈንድቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት ብቻ እየተዳደረ ለዓመታት የጨፈረ፣ እዚያው ያደረ ልጅ ነው። ኋላ ቤቱን ተረከበው። የሥዕል ማሳያ፣ የግጥም ምሽት፣ የጃዝ ምሽት ጨምሮበት የባህል ማዕከል አደረገው። ወጣት ሠዓሊ ሥዕሉን የሚሰቅልበት፣ ያልታወቀ ገጣሚ የሚያነብበት ቤት ሆነ። የፈረንሳይ መንግሥት የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሰጠው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ሲነሣ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። የውጭ አገር ኒሻን የተሰጠው ሰው በራሱ ሰፈር የቤቱን ግድግዳ አጣ። ከተማ መታደስ አለበት፤ አልቃወምም። ስንት አዝማሪ፣ ስንት ሠዓሊ ያሳደገን ቤት ስናነሣ ግን እዚህ እንዲህ ያለ ቤት ነበረ የሚል አንድ ሰሌዳ ማቆም ከብዶን አይደለም።

ጭራሹን አንሰጥም ማለቴ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ኪነ ጥበብን አንዱ ዘርፉ አድርጎ በየዓመቱ ሰው ያመሰግናል፤ ይህ መልካም ነው። ግን አንድ የአዲስ አበባ መድረክ ለአገሩ ሁሉ አይዳረስም። ደብረ ኤልያስ የራሷን፣ ላሊበላ የራሷን፣ ደሴ የራሷን መጥራት አለባት። የሚያውቃቸው ሰፈራቸው ነው።

ኖርዌዮችም ቢሆኑ ሁሉን አላደረጉም። ብሪን እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ድረስ አከር በምትባል፣ ዋና ከተማዋን በከበበች ሌላ ማዘጋጃ ቤት ሥር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1936 የሙንክ ወዳጅ የነበረው ሮልፍ ስቴነርሰን የሰበሰባቸውን የሥዕል ሥራዎች ለዚህ ለአከር ማዘጋጃ ቤት በስጦታ ሰጠ። የገዛ ገንዘቡን አፍስሶ ያከማቸውን ለጎረቤቶቹ ሰጠ ማለት ነው። አከር ከኦስሎ ጋር ተቀላቀለች፣ ሰውዬው ሞተ፤ ስሙን የያዘው ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ስጦታው የራሱን ቤት እስኪያገኝ 58 ዓመት ጠበቀ። ሀብታም አገርም የሰጪን እጅ ታስጠብቃለች። ሙንክ ራሱ በኑዛዜው ሥራዎቹን ለኦስሎ ከተማ ትቶ በ1944 ሲሞት፣ ሙዚየሙ ቶየን ላይ እስኪከፈት 19 ዓመት አልፏል። እኔም ጠዋት በቶየን በኩል ሳልፍ ያን አስቤ ነበር።

ወደ ማታ የዕቃ ገበያው አበቃ። ያልተሸጠውን ወላጆቹ እንደገና ተሸክመው ጫኑት። ሽማግሌው አበባውን መኪናው ወንበር ላይ አስቀምጦ ሣጥኑን መጫን ቀጠለ። ከአክስቴ ልጅ ጋር በአልና ወንዝ ዳር ጥቂት ተጓዝን። ክላርኔቱን እኔ ያዝኩ። ልጅቷ ከፊታችን ትሮጣለች።

በመንገድ ላይ፣ ሳልጠይቃት፣ ስለ አዲስ ዓመት በዓላቸው አወራችኝ። በየዓመቱ እዚህ ያሉ የእኛ ልጆች እስክስታ ይወርዳሉ፣ ክራር የሚሞክርም አለ። አዳራሽ የምታስፈቅደው እሷ ናት። የልጆቹን ልብስ ሌሊት ከሥራ መልስ የምትሰፋውም እሷ ናት። ከበሮውን በባቡር ተሸክማ የምትሄደውም እሷው። ከሐኪም ቤት የማታ ሥራዋ ወጥታ ሳትተኛ ልጆቹን ያለማመደችበት ጊዜ አለ። እሷ እስክስታ አትችልም፤ በልጅነቷም አትችልም ነበር፣ አስታውሳለሁ። ማን አመሰገነሽ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ልጆቹ ጨፈሩ እኮ» አለች።

ስለ አንቺ እጽፋለሁ ስላት እጄን ያዘችኝ። «ስሜን እንዳታወጣ ጋሼ። ሰው ይታዘበኛል። ለእማዬ ግን ንገርልኝ፤ እዚህ ምን እንደምሠራ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ሐኪም ቤት ብቻ ይመስላታል።»

የየከተማው የባህል ቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፤ በየአካባቢያችሁ የልጆች ቲያትር የሚያሰናዳ ጡረተኛ መምህር፣ ለአዝማሪዎች ቤቱን የከፈተ ባለ ጠጅ ቤት፣ ለቅኔ ተማሪ ዛሬም ቁራሽ የምታወጣ እናት አለች። ለሐውልት ገንዘብ የላችሁም፤ ሐውልት አልጠየቅኳችሁም። አበባና አንድ ወረቀት፣ በሰፈራቸው ሰው ፊት፣ በሕይወት ሳሉ ስጧቸው። አንባቢም ቢሆን ቢሮ እስኪነሣ አይጠብቅ።

እኔ ደብረ ማርቆስ በገባሁ በማግስቱ አክስቴ ቤት ሄጄ የተባልኩትን ነገርኳት። ልብሱን በምን እንደምትሰፋው ጠየቀችኝ። በእጅ አልኳት። በወሩ የእግር ማሽኗን ራስ ፈትታ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ ወደ ኦስሎ ለሚሄድ ሰው ሰጠች።